ሦስተኛው ጉሮሮ

ጣልያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ሰኞ ቀን በቀትር፣ የንባብ መምህሩ የኔታ ባዘዘው በአፋፍ ሚካኤል ዕቃ ቤት ውስጥ ሰው ሲያነብ ሰሙ። ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው በእሳቸው አንገት ላይ፣ ከማተባቸው ጋር ታስሮ ነው። ካህናቱ የአውሮፕላን ቦምብ ሽሽት ወደ ቆላ ከወረዱ ወዲህ ሌላ ቁልፍ የያዘ ሰው የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር። የኔታ ቆመው አዳመጡ። የአርባ ዓመት ሥራቸው ይኸው ነው። የንባብ መምህር መጽሐፍ አይዝም። ተማሪው ብራናውን ዘርግቶ ያነባል፤ መምህሩ ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ተነሥቶ የሚነበበውን ቃል ተማሪው ከጣለው፣ ወድቆ የሚነበበውን ካነሣው፣ የሚጠብቀውን ካላላው፣ መምህሩ «ድገም» ይላል። ከዚያ ሌላ ቃል አይጨምርም። መነሣቱም መውደቁም፣ መጥበቁም መላላቱም በፊደሉ ላይ አልተጻፈም። ብራናው አያውቀውም። አንዱ ከሌላው አፍ እየተቀበለው የመጣ ነገር ነው፤ አንድ ትውልድ ዝም ቢል ይጠፋል።

የኔታ እንደ ልማዳቸው ስሕተት ፈለጉ፤ አላገኙም። አነባበቡ የራሳቸው ደብር አነባበብ ነው። ከወዳቂው ቃል በፊት ትንሽ ትንፋሽ ይይዛል። ይኸን ልማድ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር የሚያውቁት። ከዚያ ሌላ ነገር ሰሙ።

አንባቢው ሦስቱን ሀ እየለየ ነበር የሚያነበው።

ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይኸን ያውቃል። ሀ ሦስት ናት፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። በመልክ ሦስት፣ በድምፅ አንድ። አልፋው አ ዐይኑ ዐ፣ እሳቱ ሰ ንጉሡ ሠ፣ እንዲሁ መልካቸው ለየቅል ሆኖ ድምፃቸው አንድ ነው። በልጅነቱ «ታዲያ ለምን ሦስት አደረጓት?» ብሎ ያልጠየቀ የለም። መልሱ ኩርኩም ነው። የኔታ ባዘዘውን ያስተማሩት አለቃ ወልደ ሩፋኤል ግን አይኮረኩሙም ነበር። በጎልማሳነታቸው እስከ ትግሬ አገር በእግር የሄዱ ሰው ነበሩ።

«ድምፃቸው ሞቷል» ይሉ ነበር አለቃ። «የፊደል ድምፁ ሲሞት ፊደሉ አብሮ አይቀበርም። መቃብር ላይ እንደተተከለ ድንጋይ ቆሞ ይቀራል። እኛ ድንጋዩን እየቆጠርን ነው የምንኖረው። ከሥሩ የተኛውን አላየነውም።»

አለቃ ወልደ ሩፋኤል በሐምሌ ሞቱ። በነሐሴ ቦምብ ወረደና አገሩ ተበተነ። ተዝካራቸው ሳይወጣ ቀረ።

የኔታ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄዱ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ፈንታ ዱላውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ፈንታ፣ ሰማህ?»

«እርስዎ ይወስኑልኝ የኔታ። ሰምቻለሁ ካልኩ እዚህ ለብቻዬ መቀመጥ አልችልም፤ አልሰማሁም ካልኩ ደግሞ የቆምኩት ሚካኤል ደጅ ነው።»

«ቀትር ነው። ቀትር ላይ ብዙ ነገር ይሰማል።»

«የቀትር ጋኔን ቢሆንማ ያጓራል እንጂ እንዲህ አጥርቶ ያነባል? ይኸስ የተማረ ነው!» አለና አማተበ። «ድምፁን ዐውቄዋለሁ። እርስዎም ዐውቀውታል። እኔን ለምን ያስለፈልፉኛል?»

ሁለቱም ሄደው ከፈቱት። ዕቃ ቤቱ ከድንጋይ የተሠራ ባለ ሰገነት ቤት ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ከበሮና ጥላ፣ ሰገነቱ ላይ መጻሕፍት። መጻሕፍቱ በየማኅደራቸው በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ወለሉ ላይ የነሐሴ አቧራ እንዳለ ነው፤ የሰው እግር አልነካውም። የኔታ ሰገነቱን ዙረው አዩና ወረዱ። ቆለፉት። «ለማንም እንዳትናገር» አሉት ፈንታን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አፋፍ ሚካኤል ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ የአለቃ ባለቤት እማሆይ ወለተ ሚካኤል መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ጭነዋል። የኔታ ባዘዘውን በተማሪነቱ ቆሎ ያበሉት፣ ልብሱን ያጠቡለት እሳቸው ስለሆኑ፣ ጢሙ ከሸበተ በኋላም «አንተ» እንዳሉት ናቸው።

«ባዘዘው፣ እሱ ነው?»

«አላየሁም እማሆይ።»

«ማየቱን አልጠየቅኩህም። ጆሮህን ነው የጠየቅኩህ።»

የኔታ ማተባቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ዳሰሱ። እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ሐሙስ በቀትር ድምፁ እንደገና ተሰማ። ይኸኛው ደከም ያለ፣ የተቆራረጠ ነው። የኔታ ለፈንታ ሳይነግሩ ብቻቸውን ገቡ። መሰላሉን ወጥተው ቆሙ። ከመጻሕፍቱ ማዶ፣ በገደሉ በኩል ያለው የጀርባ ግድግዳ በዝናብ ከተናደበት ጥግ፣ በሣር ላይ የተኛ ሰው አገኙ። ከወገቡ በላይ የተቀደደ ነጠላ፣ ከወገቡ በታች የአስካሪ ሱሪ ለብሷል። መሣሪያ የለውም። ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቋል። ዐይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ሲጸልይ ሐመሩ ሐ እና ዐይኑ ዐ ከጉሮሮው ሥር እየወጡ ነበር፤ የፊደሎቹ ድምፅ፣ ሞቷል የተባለው።

ሰውየው ዐይኑን ገልጦ የኔታን አየ። አልሸሸም።

«አቦይ፣ ለጣልያን ልትሰጡኝ ከሆነ መጀመሪያ ውኃ ስጡኝ» አለ።

ስሙ ባህታ ነው። የመረብ ማዶ ሰው። ጣልያን በልጅነቱ ወታደር አድርጎት በየአገሩ ሲያዞረው አማርኛ ለምዷል። ለምን እንደከዳ የኔታ ሲጠይቁት ብዙ አላወራም።

«ጎጆ አቃጥል ተባልኩ። ክብሪቱን ስጭር ከውስጥ ሰው ሲጸልይ ሰማሁ። እናቴ ያስተማረችኝ ጸሎት ነው። ክብሪቱ ጣቴን ፈጀኝ፤ ጣልኩትና ሄድኩ።»

«መቼ ነው እዚህ የገባኸው?»

«ትላንት፤ ረቡዕ ነው። በተናደው በኩል ወጣሁ።»

«ሰኞ እዚህ አልነበርክም?»

«ሰኞ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ነበርኩ።»

የኔታ ይኸን ቃል ሰሙት፤ አላስቀመጡትም። ተደብቆ የሚኖር ሰው ቀን ይጠፋበታል ብለው ተዉት። ሌላ ነገር ነበር የቸኮሉበት። አንዱን ትልቅ ብራና ከማኅደሩ አውጥተው ዘረጉለት።

«አንብብ።»

ባህታ ሣቀ። «ኧረ እኔ ፊደል አላውቅም፣ አቦይ። ካህን የሚለውን ሰምቼ ነው የያዝኩት።»

የኔታ ከብራናው ቀና ብለው ተመለከቱት። እሳቸው ፊደሉን ይዘው ድምፁን ያጡ ሰው ናቸው። ይኸ ድምፁን ይዞ ፊደሉን አያውቅም። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አደረጉና አንድ ቃል አነበቡለት። ባህታ ቃሉን በራሱ አፍ መለሰላቸው። ዐይኑ ዐ ባለችበት ጉሮሮው ተጫነ፤ አልፋዋ አ ባለችበት አልተጫነም። ሌላ ቃል አነበቡ። መለሰ። ሌላ። መለሰ። ገጹ እስኪያልቅ አንድ ቦታ አልሳተም።

የኔታ ቅጠሉን ገለጡ። ብራናው የተጻፈው የአያታቸው አያት ሳይወለድ ነው። አዲሶቹ ጸሐፊዎች ሐመሩንና ሃሌታውን ያቀላቅላሉ፤ ይኸ አሮጌው ግን እንዳለ ጠብቆታል። ማንበብ የማያውቅ ወታደር አፍና ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው እጅ አንድ ቃል ይናገራሉ።

ከጨሞጋ ማዶ ዱር ቤቴ ያሉ ሰዎች አሉ። የፈንታ የአጎት ልጅ ከእነሱ ጋር ነው። ባህታን በአንድ ከሰዓት በኋላ ማሻገር ይቻል ነበር። ጭቃ ሹሙ መንግሥቱ ለጣልያን ያደረ ሰው ነው፤ ወሬ ይለቅማል። የከዳ አስካሪ ሲያዝ ምን እንደሚደረግ አገሩ ያውቃል፤ በአደባባይ ይሰቅሉታል። ያስጠጋውንም አይምሩትም። የኔታ ይኸን ሁሉ ያውቃሉ።

«መቼ ነው የምሄደው?» አለ ባህታ በሦስተኛው ቀን።

«ሰላይ በዝቷል። ትንሽ ቆይ።»

ያን ቀን እውነት ነበር። በስድስተኛው ቀን እውነት አልነበረም። በስድስተኛው ቀን ከብራናው ሳይነበቡ የቀሩት ሠላሳ ቅጠሎች ነበሩ።

በየቀኑ ዳቦና ውኃ ይዘው ይገባሉ። ያነባሉ፤ ባህታ ይመልሳል፤ የመለሰውን እሳቸው ይደግማሉ። በመጀመሪያ አስላቸው። ቀጥሎ ጉሮሯቸው ቆሰለ። ባህታ አፋቸውን ከፍተው ሲታገሉ እያየ በእጁ አፉን ይዞ ይሥቃል።

«አቦይ፣ ቀስ ይበሉ። አጥንት እንዳነቀው ፍየል ሆኑ እኮ! እኛ አገር እኮ ይኸን ዶሮ የምታባርር ሴት ነው የምትለው።»

«ዝም በል። ድገም።»

ሐመሩ ሐ ገባላቸው። ዐይኑ ዐም ገባላቸው። ሰውነታቸው ውስጥ የማያውቁት በር የተከፈተ መሰላቸው። ብዙኃኑ ኀ ላይ ሲደርሱ ግን ባህታ ልክ እንደ ሐመሩ አድርጎ ይለዋል። ንጉሡን ሠም እንደ እሳቱ ሰ።

«ይቺ ሌላ ናት» አሉ የኔታ ጣታቸውን ብዙኃኑ ላይ ተክለው።

«እኛም አገር እነዚህ አንድ ናቸው።»

«አይደሉም። እንደ ሰኞው አድርገህ በለው።»

«የሰኞውን አላውቅም፣ አቦይ። ሰኞ እኔ አልነበርኩም አልኩዎት።»

የኔታ ተቆጡ። የደበቃቸው መሰላቸው። በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል፤ ሦስት ነበሩ። ሐመሩ ከጉሮሮ ሥር ነው፤ ብዙኃኑ ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ላንቃ ላይ የሚፈገፍግ፣ እንደ ደረቅ ቅጠል። ያን ቀን በተኙ ጊዜም ድምፁ አልለቀቃቸውም።

አንድ ጠዋት ፈንታ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቃቸው።

«የኔታ፣ ወሬ አልሰሙም? እማሆይ ያለቻቸውን አንዲት ጊደር ሊያሳርዱ ነው። ጠላ ጠንስሰዋል። ቅዳሜ የአለቃ ተዝካር ይወጣል። ከሦስት ደብር ሰው ጠርተዋል።»

«ማን ፈቀደላቸው?»

«ማን ይከለክላቸዋል? አለቃ በየቀትሩ እያነበቡ፣ ሰዉ በዚህ በኩል ማለፍ ትቶ። ደግሞ ሰሞኑን ሁለት ሆነው ነው የሚያነቡት ይላሉ፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው ይቀበላል። እኔ አልሰማሁም!» አለና አማተበ።

የኔታ ያንለታ እማሆይ ቤት ሄዱ። ጋኖቹ ተደርድረዋል። እማሆይ ጌሾ ይለቅማሉ።

«እማሆይ፣ ዘመኑ ክፉ ነው። ሰው ሲሰበሰብ ጣልያን ይመጣል። ለጥር መንፈቁ ቢሆን...»

«ባሌ በቀትር ፀሐይ እየጮኸ እኔ ጥላ ሥር ልቀመጥ?» አሉ እማሆይ ቀና ሳይሉ። «ለጊደሯ አትዘንላት። ለማን ላስቀምጣት? ልጅ የለኝ። ያሳደግኩት አንተን ነው፤ አንተም ሰሞኑን ደጄን ረስተሃል።»

እውነቱን አንድ ቃል ብቻ ቢናገሩ ይበቃ ነበር። ያለው ሕያው ሰው ነው፣ ጊደርዎን አያሳርዱ። የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። እማሆይ ከሰሙ ተዝካሩን ይተዋሉ፤ ተዝካሩ ሲቀር ሰው ለምን ይላል፤ ወሬው መንግሥቱ ዘንድ ይደርሳል ብለው አሰቡ። ነገሩ እውነት ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ነበር፤ አሥራ አንድ ቅጠል ቀርቷል። አፋቸውን ዘጉ።

ቅዳሜ ጠዋት ለባህታ ዳቦ አገቡለት። አራት ቅጠል ቀርቷል።

«ዛሬ ሲመሽ የፈንታ ዘመድ ይወስድሃል፤ ለፈንታ ሳልናገር ራሴ ልኬበታለሁ» አሉት።

ባህታ በተናደው ግድግዳ በኩል አንገቱን አውጥቶ ወደ ግቢው እየተመለከተ ነበር። ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ።

«ይኸ ሁሉ ሰው ለምን መጣ፣ አቦይ?»

«ለተዝካር።»

«የማን?»

የኔታ ዐይናቸውን ወደ ብራናው መለሱ። ባህታ ፊታቸውን አየና ድምፁን የሙት ድምፅ እንዳደረጉት ገባው። ከግድግዳው ዘወር አለ።

«በድምፄ ነው የመጡት» አለ። «ሃያ ቀን ያህል ያቆዩኝ ለዚያ ብራና ነው። እኔ ብሰቀል ፊደሉ አይሰቀልም፤ አይደል?»

የኔታ መሰላሉን ወርደው ቆለፉ።

በቀትር፣ ሰው በልቶ ሳይጨርስ፣ ወታደር መጣ። አንድ ጣልያን መኮንን በበቅሎ፣ አሥራ ሁለት አስካሪ በእግር፣ ከፊታቸው ጭቃ ሹም መንግሥቱ። ሰዉ እጁን ከእንጀራው ላይ አነሣ። የአስካሪዎቹ አለቃ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ነው። አማርኛ ይናገራል።

«ይኸ ምን ስብሰባ ነው?»

«የባሌ ተዝካር ነው» አሉ እማሆይ ተነሥተው። «ከሞተ አራት ወሩ። ተዝካሩ ስላልወጣ ዕቃ ቤት ውስጥ ሆኖ ያነባል።»

መንግሥቱ ሣቀ። «ይኸውልዎ ጌታዬ፣ የነገርኩዎ። እዚህ አገር ሙቱም አያርፍም።»

የአስካሪዎቹ አለቃ ግን አልሣቀም። «ምን ብሎ ነው የሚያነበው?»

«ዛሬ ሰው እንደማያነበው» አሉ እማሆይ። «ዐይኑን ዐ ከጉሮሮው አውጥቶ።»

«እንዲህ?» አለና ድምፁን አሰማ።

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ ኋላው ሸሸ። አንድ ዋንጫ ተደፋ። ፈንታ «በስመ አብ!» አለ። የሙት ነው ያሉት ድምፅ ከወታደር አፍ ወጣ።

«እኔ የምፈልገው ሰው ጉሮሮው እንደ እኔ ነው» አለ የአስካሪዎቹ አለቃ። ለመኮንኑ በጣልያንኛ ጥቂት ተናገረ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

የኔታ ባዘዘው ከተቀመጡበት ተነሡ። ፀሐይ አናታቸው ላይ ነበረች፤ ጥላቸው እግራቸው ሥር ገብቶ ጠፍቷል። ሰው ቢሰቀል ያሰቀሉት እሳቸው ናቸው። አገሩ ሁሉ ያየዋል፤ ምክንያቱንም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው» አሉ። «ያነበብኩትም እኔ ነኝ።»

እማሆይ ቀስ ብለው ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ሐሰት ነው» አለ የአስካሪዎቹ አለቃ። «ጎጃሜ ይኸን አይችልም።»

«አለቃ ወልደ ሩፋኤል አገርህን በእግራቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ተማርኩት።»

«አንብብ እንግዲያ።»

የኔታ መጽሐፍ አልያዙም፤ አያስፈልጋቸውም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ዕቃ ቤቱ አዙረው ጀመሩ። ሐመሩ ሐ ከጉሮሯቸው ሥር ወጣ። ዐይኑ ዐ ተከተለ። ሰዉ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። የአስካሪዎቹ አለቃ አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ እየሳሳ ሄደ። ልጅነቱን የሰማ መሰለ። የኔታ አላቆሙም። አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ፣ ሌላ። ባህታ እንዲሰማ፣ ሰምቶ በተናደው በኩል ገደሉን እንዲወርድ፣ በሚችሉት ሁሉ አራዘሙት። ጉሮሯቸው ደም ደም አላቸው። በመጨረሻ ትንፋሽ አጠራቸው። አንድ ሐረግ ፈጽመው ዝም አሉ።

በንባብ ቤት ልማድ አንዱን ሐረግ መምህሩ፣ ቀጣዩን ተማሪው ያነባል።

ቀጣዩ ሐረግ ከዕቃ ቤቱ ውስጥ ተነበበ።

ቀስ ብሎ፣ ጥርት ብሎ። ከወዳቂው ቃል በፊት ትንሽ ትንፋሽ ይዞ። ሃሌታው ሀ ለብቻው፣ ሐመሩ ሐ ለብቻው፣ ብዙኃኑ ኀ ለብቻው፤ ደረቅ ቅጠል ሲፈገፍግ። ንጉሡ ሠ መጣ፤ እሳቱን ሰ አይመስልም። የኔታ እጃቸውን ወደ ማተባቸው ሰደዱ። ቁልፉ አለ። ይኸ የባህታ ድምፅ አይደለም። ባህታ ይኸን አይችልም።

የአስካሪዎቹ አለቃ ቁልፉን ከአንገታቸው በጥሶ ሮጠ። በሩን ከፈተ፤ መሰላሉን ወጣ። ሰው ሁሉ እግሩን ከላይ ሲረግጥ ሰማ። ከዚያ መርገጡ ቆመ። ብዙ ቆየ።

ሲወርድ እጁ ባዶ ነበር። መኮንኑ ጠየቀው። አንድ ሁለት ቃል መለሰለት። መኮንኑ ትከሻውን ነቀነቀ፤ በበቅሎው ላይ ሆኖ ግን በሩን ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው። መንግሥቱ አልሣቀም። የአስካሪዎቹ አለቃ በየኔታ አጠገብ ሲያልፍ ቁልፉን መዳፋቸው ውስጥ አደረገ።

«ሣር አለ፤ ሰው የለም» አለ በዝግታ። «ሐመሩን ሐ ያስተማረህን ሰው ዐውቄዋለሁ፤ ያገሬ ሰው ነው። ያኛውን ግን አላውቀውም። ያኛው የማንም አገር ሰው አይደለም።»

ወታደሮቹ የጊደሯን ሥጋ ግማሽ በእጃቸው ተሸክመው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የኔታ እህል በቅጡ አልቀመሱም። ከዚያ የፈንታ የአጎት ልጅ ከጨሞጋ ማዶ መጣ። ባህታ ደርሷል። ከሰዎቹ ጋር ነው፤ መሣሪያም ሰጥተውታል። ለየኔታ የላከው ቃል ይኸ ነበር፤

«ወታደሩ በደጁ ሳይገባ፣ አቧራውን ከሩቅ አይቼ በተናደው ወጣሁ። ገደሉን ወርጄ ወንዙ ዳር ስደርስ የአቦይን ንባብ ከላይ ሰማሁት። ምንም አልሳቱም። አዝኜብዎ ነበር፤ ትቼዋለሁ።»

የኔታ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ ወደ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ቤት ሄዱ። ደጃፍ ላይ ተንበርክከው ሁሉንም ተናገሩ። አስካሪውን። ሃያውን ቀን። ቅጠሎቹን። ጊደሯን እያወቁ ማሳረዳቸውን። እማሆይ ሳያቋርጡ ሰሙ።

«አስካሪው መቼ ገባ አልከኝ?»

«ረቡዕ።»

«ፈንታ የነገረኝ ሰኞ ነው። ሰኞ ቀን የሰማኸው ማንን ነው?»

የኔታ አንገታቸውን ደፉ።

«ቅዳሜስ፣ አንተ ዝም ስትል ያነበበው?»

«እማሆይ...»

«ተዝካሩን በከንቱ አላወጣሁም» አሉ እማሆይ። «ጊደሯን ተወት አድርጋት፤ እኔን መደበቅህን ግን አልረሳልህም።» ቀጥለው ሌላ ጠየቁ። «አንተ ስታነብ ይሰማህ ነበር ማለት ነው። ድገም ብሎሃል?»

«አላሉኝም።»

«ያን ሁሉ አንብበህ?»

«ያን ሁሉ።»

እማሆይ ቀና ብለው አዩዋቸው። «እኔ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ማንንም ድገም ሳይል አሳልፎ አያውቅም» አሉ፤ ወደ ቤት ገቡና በሩን መለስ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ የአፋፍ ሚካኤል ሰው ፈርቷቸው ልጁን ወደ የኔታ አልላከም። ጣልያን ወጣ፤ ካህናቱ ከቆላ ተመለሱ፤ ተማሪው ወደ ደብረ ወርቅ ሄደ። የኔታን ክፉ የሚላቸው የለም። ሰላምታ ይሰጧቸዋል። ቀትር ሲሆን ግን በዕቃ ቤቱ በኩል የሚያልፍ የለም።

ቀትር ላይ የኔታ ባዘዘው ከዕቃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አሮጌውን ብራና ጉልበታቸው ላይ ይዘረጋሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ መጽሐፍ ሳይዙ ሰምተዋል፤ አሁን እንደ ተማሪ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ነው። አንድ ሐረግ ያነባሉ። ሐመሩም ዐይኑም ጥርት ብለው ይወጣሉ። ብዙኃኑ ኀ ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸው ይፈልጋል፤ አያገኝም፤ እንደ ሐመሩ ይሆንባቸዋል። ሐረጉን ፈጽመው ዝም ይላሉ።

ዝምታው አንድ ሐረግ የሚያስነብብ ያህል ነው። ከዚያ ቀጣዩን ትተው ሦስተኛውን ያነሣሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ወደ ፊት አይሄዱም፤ ቀድሞ ያነበቡትን «ድገም» እንደተባለ ተማሪ መልሰው ይደግሙታል።

በመካከሉ የሚነበበውን የሰማ ሰው እስከ ዛሬ አልተናገረም።